እርጥብ ዛላ በርበሬ አደራረቅ፦ መሬት፣ አልጋ፣ ላስቲክ ቤት ወይስ ኦቨን?

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። «በርበሬዬ ነጣብኝ፣ ምን አድርጌው ነው?» «ከውጭ ደህና ነው፣ ስሰነጥቀው ግን ውስጡ ሻግቷል። ላጥበውና ልጠቀምበት?» ውጭ አገር ያሉት ደግሞ «እዚህ ፀሐይ የለም፣ በኦቨን ይሆናል ወይ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

መልሱን ከፊት ልንገራችሁ። ለቤት ፍጆታ ለሚያደርቅ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ነው። ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ በዚያው አልጋ ላይ ላስቲክ ቤት ይሠራበታል። ፀሐይ በሌለበት አገር የምግብ ማድረቂያ ማሽን ጥሩ ነው። ኦቨን ሌላ ሲጠፋ ነው። ባዶ መሬት ላይ ግን በፍጹም አታስጡ።

በዛላው ውስጥ የሚሆነው

ይህን ካወቃችሁ የቀሩት ደረጃዎች ሁሉ ግልጽ ይሆኑላችኋል።

የበርበሬ ቆዳ ሰም የተቀባ ያህል ነው። ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። ከውስጡ እርጥበት ቀላል የማይባለው የሚወጣው እንጨቱ በተያያዘበት በአንገቱ በኩል ነው። ስለዚህ ቆዳው ደርቆ ሲሸበሸብ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ውስጡ ደግሞ አየር፣ ሙቀትና እርጥበት ያለበት የተዘጋ ክፍል ነው። ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም።

ባንድ ዓመት ከውጭ ደም የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ በርበሬ አድርቄ ነበር። እጄ ላይ ስሰነጥቀው ፍሬው አንገቱ አካባቢ አመድ በመሰለ ግራጫ ተሸፍኗል። ሽታው የእርጥብ ምድር ቤት ነው። ሌላም፣ ሌላም ስሰነጥቅ ያው ነው። ከ20 ኪሎው ሩብ ያህሉን ጣልኩት። ያበላሸው የፀሐይ ማነስ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን 3 ሌሊቶች ከምሬ በላስቲክ ጠቅልዬው ስለነበር ነው። በኋላ ፀሐዩ ቢበረታም ሻጋታው ቀድሞ ገብቷል።

የበርበሬ ጥራት የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናትና ሌሊቶች ነው። በእነዚያ ቀናት ከኃይለኛ ፀሐይ በላይ የሚያስፈልገው ከታችም ከላይም የሚዘዋወር አየር ነው።

ዘዴዎቹ ሲነጻጸሩ

*ባዶ መሬት ወይም የአስፋልት ዳር።* ወጪ የለውም። ነገር ግን ሌሊት መሬቱ እርጥበት ይተነፍሳል፣ የታችኛው ዛላም ያንን ይጠጣል። አፈር፣ የዶሮ ኩስ፣ የከብት እበት ይነካዋል። ሻጋታ አምጪው ፈንገስ የሚኖረውም አፈር ውስጥ ነው። አስፋልት ላይ የመኪና ጭስና ዘይት ይጨመርበታል። የቀረው ቢቀር ይህን ዘዴ ተዉት።

*ሰሌን ወይም ሸራ መሬት ላይ።* ከባዶ መሬት በጣም ይሻላል። ከአፈር ይለያል፣ ዝናብ ሲመጣም ጠቅልሎ ማንሳት ይቻላል። ችግሩ ከታች አየር አለመግባቱ ነው። በተለይ የላስቲክ ሸራ ላይ የታችኛው ዛላ ላቡ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ በቀን 4 እና 5 ጊዜ ማገላበጥ ግድ ነው። ሰሌን ስለሚተነፍስ ከሸራ ይመረጣል።

*የሽቦ አልጋ።* ቡና አድራቂዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። አየር ከታች ስለሚገባ ሁለቱም ገጽ እኩል ይደርቃል። በእኔ ልምድ ቆላማና ወይና ደጋ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 8 ቀን፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ሰሌን ላይ ከዚህ 3 እና 4 ቀን ይጨምራል። የአልጋው ትልቁ ጥቅም ግን ቀን ማሳጠሩ አይደለም። የሚጣለው ዛላ መቀነሱ ነው።

*ላስቲክ ቤት።* አልጋው ላይ በነጭ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ የተሸፈነ ጣራ ማለት ነው። ውስጡ ከውጭው በጣም ስለሚሞቅ ከ3 እስከ 6 ቀን ይበቃል። ዝናብ፣ አቧራና ወፍ አይነካውም። ነገር ግን አየር መውጫ ከሌለው በርበሬው አይደርቅም፣ ይቀቀላል። ቀለሙም ቡናማ ይሆናል።

*የምግብ ማድረቂያ ማሽን።* ሙቀቱን ስለምትቆጣጠሩት ቀለሙ በጣም ያምራል። ተሰንጥቆ ከገባ ከ10 እስከ 16 ሰዓት ይፈጃል። ጉድለቱ መጠኑ ነው፤ የቤት ማሽን በአንድ ዙር የሚይዘው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። የመብራት ወጪውን አስቀድማችሁ አስሉ። 600 ዋት ማሽን 12 ሰዓት ቢሠራ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል።

*ኦቨን።* ብዙዎቹ ኦቨኖች ዝቅ ቢሉ 75 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ለበርበሬ ይህ በዛ ያለ ነው። ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ካለ ይሠራል። ትቶት የሚሄድ ሰው ግን የተቆላ በርበሬ ያገኛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ አልጋ)

- 4 የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ ከመሬት በላይ 80 ሳንቲ ሜትር የሚቀሩ
- ለጠርዝና ለአግዳሚ የሚሆን ቀጭን አጠና፣ ሚስማር
- 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የዶሮ ሽቦ
- ከሽቦው በላይ የሚነጠፍ ንጹሕ ጥልፍልፍ የናይለን መረብ
- ለሌሊት ንጹሕ የጥጥ አንሶላ፣ ለቀን ያረጀ ስስ ነጠላ
- ለዝናብ ላስቲክ
- የኩሽና ሚዛንና አንድ ትንሽ ወንፊት ወይም ቅርጫት
- ጓንት
- ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ማሰሮ

ይህ አልጋ በአንድ ረድፍ ሲሰጣ ከ10 እስከ 12 ኪሎ እርጥብ በርበሬ ይይዛል። 40 ኪሎ ካላችሁ አንዱ ላይ አትቆልሉ፣ አልጋ ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጤና ጣቢያ የሚታደለውን የወባ አጎበር መረብ አድርጋችሁ አትጠቀሙ። ፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው። ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጆንያም እንዲሁ፤ ቢታጠብም አይሆንም።

ደረጃ በደረጃ

1. ምረጡ። ሙሉ በሙሉ ቀይ የሆነውን፣ ቆዳው ያልተቀደደውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ትል የበሳው፣ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ የለሰለሰው ይውጣ። ቀዳዳ ያለው ዛላ ሻጋታውን ከውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማድረቅ አያድነውም። «ለብቻው ላድርቀውና ለድልህ ይሁን» የሚል ሰው አለ። አይሁን።

2. በከፊል ብቻ የቀላውን አሳርፉ። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ የቀረበት ካለ ከ2 እስከ 3 ቀን ጥላ ውስጥ ሳስቶ ተሰጥቶ ይቆይ። ራሱን ይጨርሳል። እንዲሁ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት አረንጓዴው ቦታ ነጭ ወይም ገለባ መስሎ ይቀራል። «ነጣብኝ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ያልበሰለ ለቅመው ነው።

3. ማጠብ ካለባችሁ አሁን እጠቡ። እንጨቱ ሳይነቀል፣ በንጹሕ ውሃ፣ ፈጠን ብሎ። እንጨቱ ከተነቀለ ውሃው በአንገቱ በኩል ውስጥ ይገባል፣ መውጫም አያገኝም። ካጠባችሁ በኋላ በጨርቅ አድርቁት። መቀንጠስ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው።

4. ምልክት ቅርጫት አዘጋጁ። ልክ 1 ኪሎ መዝናችሁ በትንሹ ቅርጫት ውስጥ ሳስቶ ከሌላው ጋር አልጋው ላይ ይቀመጥ። በየማታው እሱን ብቻ ትመዝናላችሁ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ትደርሱበታላችሁ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

5. አስጡ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ። ዛላ በዛላ ላይ ከተደረበ የሚነካካው ቦታ እርጥብ ይሆናል፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አልጋው ነፋስ የሚያገኝበት፣ ከአቧራማ መንገድና ከጭስ የራቀ ይሁን።

6. አገላብጡ። አልጋ ላይ ከሆነ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ሰሌን ላይ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ። በእጃችሁ ስታገላብጡ የለሰለሰ ወይም ያላበ ካገኛችሁ ያኔውኑ አውጡ። ጓንት አድርጉ። እጃችሁን ቢያቃጥላችሁ ውሃ ብቻ አይጠቅምም፣ የሚያቃጥለው ነገር ዘይት ውስጥ እንጂ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። እስከዚያ ዓይናችሁን አትንኩ።

7. ማታ ከጤዛ አድኑት። የኅዳር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጤዛውም ይከብዳል። ቀን ሙሉ ያወጣውን ውሃ ሌሊት መልሶ ይጠጣል። ይህ መርጠብና መድረቅ ሲደጋገም ቀለሙ ይነጣል፣ ሻጋታም ይከተላል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቅዝቃዜው ሳይመጣ፣ አንሱት።

እዚህ ላይ ልዩነት አለ። የመጀመሪያዎቹን 3 ሌሊቶች ቤት ውስጥ ሳስቶ ይደር እንጂ አይከመር፣ በላስቲክም አይሸፈን። እርጥብ ዛላ ሲከመር ይሞቃል፣ ያልባል። ማስገባት ካልቻላችሁ አልጋው ላይ እንዳለ የጥጥ አንሶላ አልብሱት፣ ላስቲኩን ከአንሶላው በላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ከፍታ ወጥሩ። ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። ከ4ኛው ቀን በኋላ ዛላው ተሸብሽቦ ሲቀል በቅርጫት ሰብስቦ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ይቻላል።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ የቀትር ፀሐይ። ውሃው ያለቀ በርበሬ ብርቱ ፀሐይ ሲመታው ቀይ ቀለሙ ይሳሳል። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ስስ ነጠላ ጣል አድርጉበት። ነፋሱ ያልፋል፣ ፀሐዩ ይበርዳል።

8. መድረቁን ፈትኑ። በ4 መንገድ ነው፤ አራቱንም አድርጉ።

በሚዛን፦ እርጥብ ቀይ በርበሬ ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ለማስቀመጥ የሚፈለገው እርጥበት ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የምልክት ቅርጫቱ 1 ኪሎ ከ220 እስከ 280 ግራም ሲደርስና በተከታታይ 2 ማታ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርሷል ማለት ነው። 350 ግራም ላይ «ደርቋል» ብላችሁ ከከተታችሁት ይሻግታል።

በጆሮ፦ ስታንቀጠቅጡት ፍሬው ይንኳኳል።

በእጅ፦ ሆዱን ሳይሆን አንገቱን ስበሩ። መጨረሻ የሚደርቀው አንገቱ ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው፣ እንደ ቆዳ ከታጠፈ ይቀረዋል።

በማሰሮ፦ ከተለያየ ቦታ 10 ዛላ አንሱና በብርጭቆ ማሰሮ ከድናችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አስቀምጡ። በማግስቱ ብርጭቆው ውስጥ ጉም ወይም ጠብታ ካያችሁ ሁሉንም 1 ወይም 2 ቀን መልሳችሁ አስጡ።

9. አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ክተቱ። ከፀሐይ ላይ በትኩሱ ጆንያ ውስጥ አታስገቡ። ሙቀቱ ሲበርድ ጆንያው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ጥላ ውስጥ 2 ሰዓት ይቆይ። ንጹሕ ጆንያ ተጠቀሙ፣ ከወለሉ በርብራብ ከፍ ይበል፣ ከግድግዳም አንድ ክንድ ይራቅ።

ላስቲክ ቤት ለመሥራት

ከአልጋው በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቅስት በቀጭን እንጨት አድርጉና ላስቲኩን አልብሱ። ዋናው ነገር ሁለት ቀዳዳ ነው። አንዱ በነፋሱ በኩል ከአልጋው በታች፣ ሌላው በተቃራኒው ጫፍ ከላይ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እርጥበቱን ይዞ በላይኛው ይሄዳል፣ በታችኛው ደረቅ አየር ይገባል። የሁለቱም ስፋት ከእጅ መዳፍ ርዝመት አይነስ፤ መረብ ቢደረግባቸው ዝንብ አይገባም።

ቴርሞሜትር አንጠልጥሉ። ከ60 ዲግሪ ካለፈ ላስቲኩን በአንድ ጎን ክፈቱ። ጠዋት ላስቲኩ በውስጥ በኩል ጠብታ ከያዘ ቀዳዳው አንሷል ማለት ነው፤ አስፉት፣ ጠብታውንም በርበሬው ላይ ሳይንጠባጠብ በጨርቅ ጥረጉ።

በማሽንና በኦቨን

ይህ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ነው። ሪያድን በመሰለ ደረቅ አገር ያላችሁ በረንዳ ላይ መረብ ዘርግታችሁ በጥላ ብቻ ማድረቅ ትችላላችሁ። ጅዳና ዱባይ ግን የባሕር እርጥበት አለ፤ ማሽኑ ይሻላችኋል።

1. ዛላውን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ። ቆዳው ውሃ ስለማያሳልፍ ሙሉውን ብታስገቡት ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ ውስጡንም ማየት አትችሉም።
2. የተሰነጠቀው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ በአንድ ረድፍ ደርድሩ።
3. ማሽን ከሆነ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አድርጉት። ከ65 ዲግሪ በላይ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታውም የቆሎ ይሆናል።
4. ኦቨን ከሆነ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፣ ማራገቢያ ካለው አብሩት፣ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጋችሁ ያዙት። ያ ክፍተት እንፋሎቱን ያስወጣል፣ ሙቀቱንም ይቀንሳል። በየ1 ሰዓቱ ትሪዎቹን አቀያይሩ። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። ቀድሞ የደረቀውን እየለያችሁ አውጡ።
5. መስኮት ክፈቱ። የበርበሬው ትነት ጉሮሮና ዓይን ያቃጥላል። አስም ያለበት ሰውና ሕፃን ቤት ውስጥ ካሉ ሌላ ክፍል ይሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጋዝ ኦቨን በሩን ከፍቶ ለሰዓታት ማብራት አደገኛ ነው። ጋዝ ከሆነ ይህን ዘዴ ተዉት። እዚህ አገር ደግሞ ዝናብ ሲመጣ በርበሬው ያለበትን ክፍል ዘግቶ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው አለ። የከሰል ጭስ ሳይሸት ሰው ይገድላል። በርበሬ ይበላሽ እንጂ ይህን አታድርጉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ለዝናብ መሸፈኛ የተደረገውን ላስቲክ መርሳት።* ዝናቡ ባባራበት ደቂቃ ይነሳ። ፀሐይ ከላስቲኩ ሥር ሲያገኘው ግማሽ ቀን ብቻ ይበቃል ለመበላሸት። ዝናቡ 2 ቀን ከቀጠለ በርበሬውን ቤት ውስጥ በመረብ ላይ አሳስታችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ቬንትሌተር ካለ አዙሩበት። ቀዝቃዛም ቢሆን የሚንቀሳቀስ አየር ከቆመ አየር ይሻላል።

*የደረቀው እንዳይሰባበር ውሃ መርጨት።* ለመሸከፍ እንዲለሰልስ ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ተብሎ ይደረጋል። የ10 ቀን ድካም በአንድ ጣሳ ውሃ ይበላሻል። ከገበያ ደረቅ ዛላ ስትገዙ ለስልሶ የሚታጠፍ ከሆነ ጠርጥሩ፣ አንገቱን ስበሩና ሽታውን እዩ።

*አዲስ ያስገቡትን ካደረው ጋር መቀላቀል።* ሳምንት የቆየው ላይ ዛሬ የተለቀመ ሲጨመር ደረቁ እርጥበት ይጠጣል። ለየብቻ ይሰጣ።

*ሻጋታውን ጠርጎ ወይም አጥቦ መጠቀም።* ለዚህ ጥያቄ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጣሉት። በርበሬ ላይ ከሚወጡት ፈንገሶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ። ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ ቢውልም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በ1 ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ የ1 ግራም 100 ሺኛ ክፍል ነው። የሻገተውን ለላምም አትስጡ፣ መርዙ ወደ ወተቱ ይተላለፋል።

*ተቀንጥሶ ወይም ተፈጭቶ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ።* ቀለሙን የሚይዘው ያልተሰበረው ቆዳ ነው። ዛላው በሙሉነቱ ይቀመጥ፣ ለጥቂት ወራት የሚበቃችሁን ብቻ እየቀነጠሳችሁ አዘጋጁ።

ከከተታችሁት በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ጆንያውን ፍቱና ክንዳችሁን እስከ መሃሉ ድረስ አስገቡ። መሃሉ ከዳሩ የሞቀ ወይም የለሰለሰ ከሆነ ያኔውኑ አውጥታችሁ አስጡ። ደህና ከሆነ 5 ዛላ ከመሃል አንሱና ሰንጥቁ፤ ፍሬው ቢጫ፣ ውስጡ ቀይና ደረቅ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ እንዲሁ እያደረጋችሁ እዩት።